መልስ ሰጪ፣ ጠያቂ፣ አንባቢ፦ የወሎ ሰው በአንትሮፖሎጂ መንገድ

ሐይቅንና አምባሰልን ሰው በየፊናው ያውቃቸዋል። ሙዚቃ ወዳዱ አምባሰል ሲባል ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በጆሮው ያቃጭልበታል። ታሪክ ያነበበው በ1889 የተፈረመውን የውጫሌን ውል ያነሣል። ምእመኑ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ለመሳለም የወጣውን አቀበት አይረሳም። ዕድሜ የጠገበው ደግሞ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ክፉ ቀን ዛሬም ያንገበግበዋል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እዚህ የማነሣው ሌላ ታሪክ ነው። ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው ምድር የወጣ ሰው ስለ አገሩ ሥርዓትና ልማድ ለባሕር ማዶ ሊቃውንት መልስ መስጠት ከጀመረ ከ370 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ዘመን ሁሉ የያዘው ቦታ አንድ ዓይነት አልነበረም። መጀመሪያ መልስ ሰጪ ነበር፤ ሌላው ይጠይቀዋል፣ ሌላው ይጽፋል። ቀስ በቀስ ራሱ ጠያቂ ሆነ፤ ሎንዶን፣ ቦስተን፣ አምስተርዳም፣ ባይሮይት ሄዶ የጥያቄውን ሙያ ተማረ፣ የራሱንም አገር አጠና። ሦስተኛው ቦታ፣ የአንባቢው ቦታ፣ ግን ዛሬም ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ስለ አምባሰል ገበሬ የተጻፈውን የአምባሰል ገበሬ ልጅ አያነበውም። ይህን ረጅም መንገድ ከመነሻው እስከ ዛሬ እንቃኘው።

ትምህርት ፍለጋ ወደ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ሐይቅ ይገኛል። ከከተማው ወረድ ሲሉ ሐይቁ አለ፤ በሐይቁ ውስጥ ደግሞ ጥንት ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም። ገዳሙን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ከላዕ ሰላማ እንደመሠረቱት በትውፊት ይነገራል። ስሙ የገነነው ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 ገደማ ሐይቅ ገብተው ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ መጽሐፍ ማስተማርና ማስገልበጥ ያዙ።

ከዚያ በኋላ ተማሪው ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው ዓመታት ተቀመጡ፤ ኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን፣ የዛሬውን ደብረ ሊባኖስን፣ መሠረቱ። አባ ሂሩተ አምላክ ወደ ጣና ተሻግረው የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም አቀኑ። በትውፊቱ አጼ ይኩኖ አምላክም ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕርግ ይዘው በቤተ መንግሥት የሚደመጡ ሰው ሆኑ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የከፍተኛ ትምህርት ልማድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተማሪ ከአገሩ ይወጣል፤ መምህር ፈልጎ ያገለግላል፤ መጽሐፍ ይገለብጣል፤ ሲበቃ ይመለሳል። የተመለሰውም ባዶ እጁን አይደለም፤ ያጠናውን በተወለደበት ወይም በተላከበት አገር ይተክለዋል። እውቀት ሐይቅ ተቀምጦ አልቀረም፤ ሸዋም ጣናም ደረሰ። የባሕር ማዶውን ትምህርት ስንመዝን ይህን መለኪያ እንያዝ።

ጎታ፣ 1652

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በቤተ አምሐራ መካነ ሥላሴ ነው፤ ምድሩ ዛሬ በደቡብ ወሎ ይጠቃለላል። በአጼ ፋሲለደስ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከኢትዮጵያ ሲባረሩ አባ ጎርጎርዮስ ተሰደዱና ሮም ደረሱ፤ በዚያም የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ምሁር እዚያው አገኛቸው። ግዕዝን ከመጻሕፍት ጀምሮት ነበር፤ ከሕያው ሰው አፍ ሲሰማ ግን የመጀመሪያው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በጀርመን የጎታ ገዥ የነበሩት መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ከተማቸው አስጠሯቸው።

በ1652 በጋ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት የሆነውን ልብ እንበል። አንድ የቤተ አምሐራ መነኩሴ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው መስፍኑና ሉዶልፍ አሉ። ስለ ንጉሡ ሥልጣን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ አገሩ አቀማመጥ፣ ስለ ሰዉ አኗኗር ይጠየቃሉ። ይመልሳሉ፤ መልሱ ይጻፋል። የአማርኛ ቃላትም አንድ በአንድ ይመዘገባሉ። ከአንድ ሰው ዘንድ ተቀምጦ ስለ ሕዝቡ ኑሮ በሥርዓት መጠየቅና መመዝገብ ዛሬ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ የመስክ ሥራ የሚለው ነገር ዋና አካል ነው። የትምህርቱ ስም ገና አልወጣም፤ ሥራው ግን ተጀምሯል።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሉ በ1658 በእስክንድሮና አካባቢ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ ያሳተመው በ1681 ነው፤ የታሪኩን ማብራሪያ በ1691፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ደግሞ በ1698። በማብራሪያው መጽሐፍ የመነኩሴውን ሥዕል አስገብቷል፤ ውለታቸውንም አልካደም። ቢሆንም የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲወጣ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 23 ዓመት አልፏል። በቃላቸው የተሠራውን ሥራ አላዩትም፤ ይህ ልክ አይደለም ብለው የሚያርሙበትም ዕድል አላገኙም። መጽሐፎቹ በላቲን ስለተጻፉ ቤተ አምሐራ የቀሩ ወገኖቻቸውም ሊያነቧቸው አይችሉም ነበር። የወሎ ሰውና የባሕር ማዶ ጥናት ግንኙነት እንዲህ ሆኖ ነው የተጀመረው።

ከበርሊን እስከ ጎንደር

ቀጥሎ ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ዓመት የመንገደኞች ዘመን ነው። ከእነርሱ አንዱ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1842 ከሸዋ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ወሎን አቋርጧል፤ ሐይቅንም አይቶ በማስታወሻው ጽፏል። መንገደኛ ግን ያየውን ይጽፋል እንጂ ተቀምጦ አያጠናም።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ በመምህርነት መታየት ጀመረ። ይፋግ የተወለዱት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በ1905 በርሊን ሄደው በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ኦይገን ሚትቮህን ከመሰሉ ሊቃውንት ጋር ሠሩ። በ1914 ዓ.ም. የታተመው የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሕዝቦች አመጣጥ የሚጠይቅ ነው። ይዘቱ ዛሬ በብዙ ቦታ ቢተችም ጠያቂው ራሱ የአገሩ ልጅ መሆኑና በአማርኛ ለአማርኛ አንባቢ መጻፉ ትልቅ እርምጃ ነበር።

በ1932 ግን አሮጌው ሥርዓት እንደገና ይታያል። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ በማርሴል ግሪዮል መሪነት ጎንደር ሰፈረ። ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በሚባሉ ባለ ዛር ቤት ውሎ እያደረ የዛር ሥርዓትን አጠና። አጠገቡ ተቀምጠው በአማርኛ የሚባለውን የሚጽፉለትና ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልሱለት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። መጽሐፉ በ1934 ሲወጣ የደራሲው ስም ሌሪስ ብቻ ነው። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም ከግድግዳ ተነሥተው በዚሁ ጓድ ፓሪስ ገቡ። ያለ አባ ጀሮም ጆሮና ብዕር ያ ጥናት ባልተሠራም ነበር፤ የደራሲነቱ ክብር ግን ለእርሳቸው አልደረሳቸውም።

በዚያው ዘመን ሌላው አፍሪካ ውስጥ ነገሩ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ጆሞ ኬንያታ ሎንዶን ገብተው በማሊኖቭስኪ ሥር አንትሮፖሎጂ ተማሩ፤ በ1938 ስለ ራሳቸው ሕዝብ ስለ ጊኩዩ መጽሐፍ አሳተሙ። የጋናው ኮፊ ቡሲያ በ1947 በኦክስፎርድ ስለ አሻንቲ አለቆች ጽፈው ዶክትሬት አገኙ። አፍሪካዊው ከውጭ አገር የመጣ ተማሪ ሆኖ ገብቶ፣ ስለ ወገኑ በራሱ ስም ጽፎ የወጣበት ዘመን ነው። ለኢትዮጵያም ተራው ሩቅ አልነበረም።

ደብተር የያዙ ተማሪዎች

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። ለእረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ ደብተር ይዘው ይሄዳሉ፤ የጋብቻውን፣ የለቅሶውን፣ የበዓሉን ሥርዓት ከአባትና ከእናት፣ ከሽማግሌና ከአሮጊት ጠይቀው ይጽፋሉ፤ ሲመለሱ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡታል። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ የሙያ ሥልጠናም የለባቸውም። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል፤ ልጅ አባቱን እንደ ተመራማሪ መጠየቅ ጀምሯል። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቤት ተገኘለት።

ከውጭ የሚመጡትም በረከቱ። ሳይመን ሜሲንግ ስለ ደገኛው አማራ በ1957 ለፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጻፈ። ዶናልድ ሌቪን መንዝ ከርሞ ሰምና ወርቅን መነሻ ያደረገውን መጽሐፉን በ1965 አወጣ። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ገበሬ መሐል ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ፈታ፤ መጽሐፉ በ1973 ታተመ። ርስት በአባትም በእናትም የሚቆጠርበትን፣ አንድ ሰው በብዙ አያቶቹ በኩል መሬት የሚጠይቅበትን ብልሃት እንደ ሆበን አብራርቶ ለዓለም ያቀረበ አልነበረም። የወሎ ተማሪ ዛሬ ቦስተን ወይም ኦስሎ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ አያቱ ይሟገቱበት የነበረውን ነገር የሚያነበው ከእርሱ ነው።

ከኢትዮጵያ ወጥተው አንትሮፖሎጂ የተማሩት ቀዳሚዎችም በዚሁ ጊዜ ብቅ አሉ። አስመራ የተወለዱት አስመሮም ለገሠ ከሐርቫርድ ተነሥተው ቦረና ወርደው የገዳን ሥርዓት አጠኑ፤ መጽሐፋቸው በ1973 ሲወጣ ስለ አፍሪካ ዴሞክራሲ የሚነገረውን ለወጠ። ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት የአለምገና ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበርን የሚመረምር ነበር፤ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ለትውልድ ቀዬው መንገድ ሲሠራ የሚታየውን ትስስር አሳየ። ጸሐይ ብርሃነ ሥላሴ በኦክስፎርድ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ የፖለቲካና የጦር ልማድ አጥንተዋል፤ ስለ ጨዋ ሠራዊትና ስለ መሬት የጻፉት መጽሐፍ በ2018 ወጥቷል።

ሐይቅም በሙያተኛ ኢትዮጵያዊ እጅ የገባችው ያን ጊዜ ነው። በሎንዶን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት በ1968 ዶክትሬት ያገኙት የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት፣ ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ታሪክ በ1970 አሳተሙ። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የየገዳማቱ ብራና በማይክሮፊልም ሲነሣ የሐይቅም መጻሕፍት ተነሡ፤ ከእነዚህም አንዱ በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። ፊልሙ ሚኒሶታ ተሻገረ፤ በቲዩቢንገን የተማሩት ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ተቀምጠው ለብዙው ስብስብ ዝርዝር ሠሩለት። የሐይቅን ብራና ለማንበብ ወደ አሜሪካ መሄድ የሚቀልበት ዘመን መጣ።

ክፉ ቀን ያስነሣው ጥያቄ

ወሎን በማኅበራዊ ጥናት ዓለም ከሁሉ በላይ ያሳወቃት ረሃብ ነው፤ ይህን መናገር ያሳዝናል። በ1966ም በ1977 ዓ.ም.ም የዓለም ካሜራ ያሳየው እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ ሕዝብ ነበር። ያን ሥዕል የሚሞግት ጥናት የተሠራው እዚሁ አምባሰል ላይ ነው። ደሳለኝ ራህመቶ የያኔውን የአምባሰል አውራጃ ገበሬዎች ስለ ክፉው ቀን ጠይቀው ያዘጋጁት ሥራ በ1987 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1991 ደግሞ በስዊድን ኡፕሳላ ታትሟል።

ደሳለኝ የጠየቁት ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው፤ ገበሬው እርዳታ ከመድረሱ በፊት ምን አደረገ? መልሱ ረጅምና በቅደም ተከተል የተያዘ ሆነ። ዝናቡ ሲያስፈራ ገበሬው አስቀድሞ ይጠነቀቃል። ገበታውን ይቀንሳል፤ ሦስቱን ጊዜ ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። ከዘመድና ከጎረቤት ይበደራል። የዱር ፍሬና ሥራሥር ይለቅማል። ከዚያ መሸጥ ይጀምራል፤ አስቀድሞ ፍየሉንና በጉን፣ ከዚያም የቤት ዕቃውን። በሬውን የሚሸጠው መላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው፤ በሬ ከሄደ ቀጣዩ ዓመትም አብሮ ይሄዳልና። ቀዬውን ለቅቆ መጠለያ የሚገባው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ብቻ ነው። በቴሌቪዥን የታየው ምስል እንግዲህ የታሪኩ የመጨረሻ ገጽ ነው። የቀደሙትን ገጾች ማንበብ የተቻለው ገበሬውን ጠይቆ መልሱን እንደ እውቀት የተቀበለ አጥኚ ስለተገኘ ነው።

ረሃቡን ተከትሎ የመጣውን ሠፈራም ያጠኑት አሉ። ደርግ በ1984ና 1986 መካከል ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሠፍር ትልቁ እጅ ከወሎ የሄደ ነበር። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት አሉላ ፓንክረስት ለማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸው ወለጋ ቄቶ ወርደው ከወሎ ሠፋሪዎች ጋር ኖሩ፤ በ1992 የታተመው መጽሐፋቸው ሠፈራውን በሠፋሪው አንደበት ይተርካል። ወልደ ሥላሴ አቡቴ በበኩላቸው በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የመተከልን ጉሙዞችና ደገኛ ሠፋሪዎች ግንኙነት አጥንተው በ2004 አሳትመዋል።

የወሎ ጥናት በአውሮፓና በአሜሪካ

በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ሲጀመር መንገዱ ተጠረገ። ተማሪው ማስተርሱን እዚሁ ይሠራል፤ ለዶክትሬቱ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በኖርዌይ ወይም በአሜሪካ ስኮላርሽፕ ይወዳደራል። ወሎ የዚህ ትውልድ ዋና መስክ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ተፈሪ አባተ በደቡብ ምዕራብ ወሎ የመሬት ድልድልና የገበሬ ቤተሰብ ኑሮን አጥንተው በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት አገኙ። ጌትነት ታደለ በአምስተርዳም ስለ ደሴ ወጣት ወንዶች፣ ስለ ሥራ አጥነታቸውና በኤችአይቪ ዘመን ስለነበረው የፍቅር ሕይወታቸው ጻፉ፤ መጽሐፉ በ2006 ሌይደን ታተመ። ሜሮን ዘለቀ ለባይሮይት ዩኒቨርሲቲ የጥሩ ሲናን የሱፊዎች ማእከል መረጡ። እዚያ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ አማራና ኦሮሞ ጠቡን ይዞ ይመጣል፤ በሥርዓቱ መሠረት ታርቆ ይመለሳል። ሥራቸው በ2015 ታትሟል።

ጎረቤት ሙያዎችም አግዘዋል። በ1985 በበርሚንግሃም ዶክትሬት ያገኙት የታሪክ ሊቁ ሁሴን አሕመድ በ2001 ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና ያሳተሙት መጽሐፍ ወሎን ለሚያጠና ሁሉ የግድ ንባብ ሆኗል። ከፈረንሳይ በኩል ኤሎይ ፊኬ በ2002 በፓሪስ የወሎን ሃይማኖትና ማንነት ታሪካዊ አንትሮፖሎጂ ጽፏል።

በዚህ ዘመን ካሉት ማእከሎች አንዱ ሃሌ ነው። በ1999 የተመሠረተው የማክስ ፕላንክ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተቋም በርካታ ኢትዮጵያውያንን ለዶክትሬት አብቅቷል፤ የጋምቤላን አኝዋና ኑዌር ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ሃሌ ከጎታ ከ150 ኪሎ ሜትር አይርቅም። አባ ጎርጎርዮስ መልስ ሲሰጡ በከረሙበት አገር ዛሬ ኢትዮጵያዊው የራሱን ጥያቄ ቀርጾ፣ በራሱ ስም ጽፎ ይመረቃል። ይህ ሳይደነቅ ሊታለፍ አይገባም።

አንድ ጥናት እንዴት ይሠራል

ይህን ትምህርት ከሌላው የሚለየው መስኩ ነው። ተማሪው የእንግሊዝኛ ፈተናውን አልፎ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አሰባስቦ፣ ቪዛውን ይዞ ከሄደ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት በንባብና በሴሚናር ያልቃል። ከዚያ በልማዱ አንድ ዓመት ያህል ከሚያጠናው ሕዝብ ጋር መኖር አለበት። ብዙው ኢትዮጵያዊ መስኩን ኢትዮጵያ ያደርጋል። ቋንቋውን ያውቀዋል፣ ገንዘቡ ይበቃዋል፣ አማካሪዎቹም ያንን ይፈልጋሉ። ባሕር ተሻግሮ የሄደው ሰው እንዲህ ሆኖ ተመልሶ የራሱን ወረዳ ያጠናል።

ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር ብዙ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ደብዳቤ ያጽፋል። ቀበሌ ሲደርስ ሰው መጀመሪያ የመንግሥት ሰው ነው ወይስ የእርዳታ ድርጅት ሰው ብሎ ይገምታል፤ ስለ በሬና ስለ መሬት ሲጠይቅ መልሱ በዚያው ግምት ይቃኛል። የባሕር ማዶው ዩኒቨርሲቲ መልስ ሰጪው ተስማምቶ እንዲፈርም ይጠይቃል፤ ፊርማ ግን በገጠር ከግብር፣ ከመሬትና ከፍርድ ቤት ጋር የተያያዘ ነውና ገበሬው ይሰጋል። ሴት ተመራማሪ ከሆነች እስጢፋኖስ ገዳም አትገባም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም።

የአገር ልጅ መሆን በራሱ ይረዳልም ያስቸግራልም። ወዳጃን እንውሰድ። በወሎ ቡናው ፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ጭሱ እየጨሰ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱአ የሚያደርግበት መቀመጫ ነው፤ ክርስቲያኑም ተቀምጦ አሚን የሚልበት ጊዜ አለ። እዚያ ያደገ ልጅ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ዱአውን ማን እንደሚከፍተው፣ ምን እንደሚመጣና ማን እንደሚያመጣው ጠይቆ አያውቅም፤ ያውቀዋልና። ተመራማሪ ሆኖ ሲመጣ ግን ይህንን ሁሉ መጠየቅ አለበት፤ ሽማግሌው ደግሞ አንተስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ ቢሉት አይፈረድባቸውም። ከውጭ የመጣው ተመራማሪ የማያየውን ይህ ያያል፤ ከውጭ የመጣው ሳያፍር የሚጠይቀውን ይህ ለመጠየቅ ይቸገራል። ሙያው የሚፈተነው እዚህ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ጽሕፈት ነው። የተቀዳውን ድምፅ ቃል በቃል መገልበጥ አለ፤ የአንድ ሰዓት ጨዋታ የብዙ ሰዓት ሥራ ይፈልጋል። ተማሪው ከገለበጠው ውስጥ ጥቂቱን መርጦ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም በዚያ ይገነባል። ዋናው ግን፣ የወሎ ሰው በራሱ አማርኛና በራሱ ለዛ የተናገረው ሁሉ፣ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ላፕቶፑ ሲበላሽ ወይም ባለቤቱ ሌላ አገር ሲኖር ያ ሁሉ ቃል ይጠፋል። ስለ ደቡብ ወሎ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተጠየቀውና የተመለሰው ቢሰበሰብ ትልቅ መዝገብ ይወጣው ነበር።

የቅርቡ ዘመን ይህን ሥጋት አብሶታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ተጎድቷልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ የመስክ ሥራን አደገኛ አድርጎታል። መንገድ ሲዘጋ የጥናት ርእሱን የሚቀይር፣ በስልክ ለመጠየቅ የሚሞክር ተማሪ ይኖራል። በስልክ ግን ወዳጃ አይታይም፤ የገበሬው ጓዳም አይታይም።

ሦስተኛው ወንበር

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ለእኔ ግልጽ ነው። የወሎ ሰው ከመልስ ሰጪነት ወደ ጠያቂነት መሻገሩ ትልቅ ድል ነው፤ ጉዞው ግን አላለቀም። ስለ አምባሰል፣ ስለ ደሴ፣ ስለ ጥሩ ሲና የተጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው፤ የሚገኘውም በሌይደን፣ በፓሪስና በቦስተን ቤተ መጻሕፍት። አባ ጎርጎርዮስ በላቲን የተጻፈውን መጽሐፍ ሳያዩ ሞቱ፤ የአምባሰል ገበሬም በእንግሊዝኛ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳያይ ይኖራል። ጠያቂው ቢለወጥም የመልሱ መንገድ አልተለወጠም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ፈቃድና ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የዶክትሬት ተማሪ የገለበጠውን የአማርኛ ቃል፣ ተናጋሪው ሲፈቅድና ስሙ ተሸሽጎ፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ የጥናቱን ፍሬ በሠላሳና በአርባ ገጽ በአማርኛ ይጻፈውና ለሐይቅና ለውጫሌ ትምህርት ቤቶች ያድርስ። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ወደ ቀበሌው ተመልሶ ለተናገሩት ሰዎች ያንብብላቸው፤ የተሳሳተውን ያርሙለት፣ ያልገባውን ያስረዱት። ስኮላርሽፕ የሚሰጠው ተቋም ለዚህ በበጀቱ ቦታ ይስጥ። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራን እድገት ሲቆጥሩ በአማርኛ የተጻፈ ሥራን ዋጋ ይንፈጉት ዘንድ አይገባም። ተማሪውን ብቻ በአገር ፍቅር እየወቀሱ ይህን ሸክም ለብቻው ማሸከም ግፍ ነው።

ይህን የምለው ለአገር ኩራት ብቻ አይደለም፤ ለትምህርቱም ለራሱ ይበጃል። አንትሮፖሎጂ ስለ ሰው የሚናገር ሙያ ነውና ከሁሉ የከበደ ፈታኙ የተጠናው ሰው ነው። ደሳለኝ ስለ በሬ ሽያጭ የጻፉት ቅደም ተከተል በአማርኛ ቢቀርብ አንድ የአምባሰል ሽማግሌ በእኛ ቀበሌ እንዲህ አልነበረም፣ ከበሬው በፊት ሌላም የተሸጠ አለ ሊሉ ይችላሉ። ያ እርማት በሃሌም ሆነ በቦስተን ያለ መርማሪ የማያውቀውን ያሳያል፤ ጥናቱንም ያጠራዋል። የሐይቅ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የገለበጡትን ይዘው ወደ ሸዋና ወደ ጣና ሲመለሱ እውቀቱ አዲስ አንባቢ፣ አዲስ ተርጓሚና አዲስ ተቃዋሚ አግኝቶ ነው ያደገው። ዛሬ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄደው የወሎ ልጅ ዲግሪውን ከዩኒቨርሲቲው ይቀበል፤ ማስረጃውን ግን በአማርኛ አቅርቦ ከጠየቃቸው ሰዎች ፊት ይቁም። ትምህርቱ ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።